ኔምስፔስ ግድ ነው ወይ ላልከው ወንድሜ

«የፒኤችፒ ፕሮጀክቴ 40 ፋይል ደርሷል፤ ኔምስፔስ ግድ ነው ወይ? እንዴትስ ልከፋፍለው?» ብለሃል። አዎ፣ ዛሬውኑ ጀምር። ፋይሉ በበዛ ቁጥር ሥራው ይከብድሃል።

በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ኔምስፔስ ማለት ለክላስ፣ ማለትም ተዛማጅ ኮድን በአንድ ስም ሰብስቦ ለሚይዘው ክፍል፣ የአባት ስም ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሄለን ካሉ አስተማሪው በአባታቸው ስም ይለያቸዋል። ክላስም እንደዚያው ነው።

እኔ በደንብ የገባኝ ለአንድ ሱቅ የሽያጭ ሲስተም ስሠራ ነው። «ደረሰኝ» የሚባል ክላስ ነበረኝ። በኋላ ለህትመት ብዬ ከሌላ ሰው ያመጣሁት ኮድም «ደረሰኝ» የሚባል ክላስ ነበረው። ፒኤችፒ ስሙ ተይዟል ብሎ ቀጥ አለ። ድሮ ሰው ስሙን በአንደርስኮር እያስረዘመ ነበር የሚገላገለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ፒኤችፒ 5.3 ግን ኔምስፔስ መጣ። የእኔን «ሱቅ\ክፍያ\ደረሰኝ» አልኩት፣ አለቀ። ሁለቱ አንድ ፋይል ውስጥ ሲገናኙ ደግሞ አንዱን በ«ዩዝ» ስትጠራ «አዝ» ብለህ ሌላ ስም ታወጣለታለህ።

አሁን ጀማሪን ሁሉ የሚያስጨንቀውን ልንገርህ። ኔምስፔስ ካስገባህ በኋላ ዴትታይም የሚባለውን የፒኤችፒን የራሱን የቀንና የሰዓት ክላስ ስትጠራ «ክላሱ አልተገኘም» ይልሃል። እኔ ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ኮድ ስጽፍ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። የምትጠራው ፈንክሽን (በስሙ ተጠርቶ አንድ ሥራ የሚሠራ ኮድ) ከሆነ ፒኤችፒ አንተ ኔምስፔስ ውስጥ ሲያጣው ወጣ ብሎ ይፈልገዋል። ክላስ ከሆነ ግን አይወጣም። መፍትሔው ከስሙ ፊት አንድ ባክስላሽ ማስቀደም ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ቤትህ እያለህ አይታይም። ኔምስፔሱን «ፔይመንት» ብለህ በካፒታል ፒ ጻፍከው፣ ፎልደሩ ግን በትንሹ ፒ ነው እንበል። ዊንዶውስ ግድ የለውም፣ ይሠራልሃል። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ስትጭነው ግን ፋይሉን አያገኘውም። እኔ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ደንበኛው ስልክ ላይ ሆኖ እየጠበቀኝ ነው የደረስኩበት። ስለዚህ የፎልደርና የፋይል ስም ከኔምስፔሱና ከክላሱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ፒኤስአር-4 የሚባለው ደንብም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮምፖዘር የሚባለው የፒኤችፒ መሣሪያም ክላሶችህን ራሱ እየፈለገ የሚጭንልህ በዚሁ ነው፤ ፋይል በፋይል «ሪኳየር» መጻፍ ይቀርልሃል።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ብዙዎች ኮንትሮለሩን (ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተናግደውን ኮድ) ለብቻ፣ ሞዴሉን (ዳታውን የሚይዘውን) ለብቻ ያደርጋሉ። እኔ በሥራው ብትከፍለው ነው የምወድልህ፦ ክፍያ፣ ደንበኛ፣ ዕቃ። የክፍያ ችግር ሲመጣ አንድ ፎልደር ብቻ ትከፍታለህ። ከሦስት እርከን በላይ ግን አትውረድ፤ ስሙን ለመጻፍም ለማንበብም ይታክታል።

ሁሉንም ባንዴ አትንካ። ከክፍያው ጀምር፣ መሥራቱን አረጋግጥ፣ ከዚያ ቀጥል። የፎልደሮችህን ዝርዝር እዚህ ከለጠፍክልን አብረን እናየዋለን።