«ቴይንትድ ላቭ»ን በአማርኛ ልሥራው ላልከው፦ መጀመሪያ የሸክላውን ጀርባ እይ

ወንድሜ፣ «የሶፍት ሴልን ‹ቴይንትድ ላቭ› በአማርኛ ሠርቼ ከነሪሚክሱ ልልቀቀው፣ ከየት ልጀምር?» ብለሃል። አሜሪካ ሆነህ እንደምትሠራ ቆጥሬ ነው የምመልስልህ።

1. ባለቤቱን ለይ። የእንግሊዝ ጥንዶቹ ሶፍት ሴል (ዘፋኙ ማርክ አልመንድና ኪቦርድ ተጫዋቹ ዴቭ ቦል) በ1981 እ.ኤ.አ. አወጡት እንጂ ዘፈኑ የእነሱ አይደለም። የጻፈው ኤድ ኮብ ነው፤ ዘፋኟ ግሎሪያ ጆንስ በ1965 በሸክላ ጀርባ ላይ (በሁለተኛው ፊት) አወጣችው፣ ያኔ ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። ከአቧራ ያነሱት በኋላ የሰሜን እንግሊዝ ጭፈራ ቤት ዲጄዎች ናቸው። ስለዚህ የግጥምና ዜማው ፈቃድ የሚጠየቀው ከኮብ ወገን ካለው አሳታሚ (የግጥምና ዜማውን መብት ከሚያስተዳድረው ድርጅት) ነው። ለሶፍት ሴል ወገን መጻፍ ቀለም ማባከን ነው።

2. ቅንብሩ። ፍጥነቱ 144 ቢፒኤም (ምት በደቂቃ) ገደማ፣ ቁልፉ ጂ ማይነር። ፕሮዲዩሰሩ ማይክ ቶርን ከሲ ወደ ጂ ያወረደው ለአልመንድ ድምፅ ብሎ ስለሆነ፣ አንተም ለራስህ ድምፅ ለውጠው። ቤዙ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ሲ እያለ ይዞራል፤ ጌጥ አትጨምርበት። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ያቺን «ጢን ጢን» የምትል ድርብ ምት ነው። ከዘፈኑ ቆርጠህ አትውሰዳት፣ በሲንተሳይዘር ሥራት። ሳይን ሞገድ፣ አታክ (አነሳሱ) ዜሮ፣ ዲኬይ (መክሰሚያው) 80 ሚሊሰከንድ፣ ሰስቴይን (መቆያው) ዜሮ፤ ድምፁ ሲነሳ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተት። ዲሌዩ (ድምፁ ተመልሶ የሚደገምበት ጊዜ) 208 ሚሊሰከንድ ይሁን፣ በ144 ፍጥነት የስምንተኛ ኖታ ርዝመት እሱ ነው። ሪቨርብ ካበዛህባት ትደነዝዛለች።

ግጥሙም የሚሰናከለው ያቺው ድርብ ምት ላይ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ረጅም ሐረግ ከያዝክ ግሡ ምቷ ላይ ይወድቅና ሁለቱም አይሰሙም። «ካንተ ርቄ መሄድ እፈልጋለሁ» ብለህ አትግባ። «ልሂድ፣ ልራቅ» በልና ዝም በል፤ ጢን ጢን ትመልስልህ።

3. ፈቃድ። ዜማውንና እንግሊዝኛ ግጥሙን ሳትነካ ከዘፈንከው ነገሩ ቀላል ነው። ከ2021 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የስትሪሚንግ ድርጅቶቹ ራሳቸው በጅምላ ፈቃድ ለደራሲው ይከፍላሉ። ሲዲ ወይም ሸክላ ካሳተምክ ግን ክፍያው ያንተ ነው፤ በ2024 ተመኑ ከ5 ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ቅጂ 12.4 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። አማርኛው ግን በዚህ አይሸፈንም። ትርጉም አዲስ ሥራ ስለሚባል የአሳታሚው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ብዙ ጊዜም የአማርኛ ግጥምህን መብት ጭምር ይጠይቁሃል። መልሱ ሳምንታት ቢወስድ አትደነቅ፤ ትንሽ ሰው ለእነዚህ ቢሮዎች አይታያቸውም። ፈቃዱ ሳይመጣ ስቱዲዮ አትከራይ።

ሪሚክስ ደግሞ ሌላ በር ነው። የአልመንድን ድምፅ በሶፍትዌር ነጥለህ ብታወጣውም ያው የሶፍት ሴል ቀረጻ ነው፣ የቀረጻው ባለመብትም መፍቀድ አለበት። የራስህን ከቨር (የሌላ ሰው ዘፈን አንተ እንደ አዲስ የቀረጽከውን) ሪሚክስ ካደረግህ ከዚህ ትድናለህ።

አሁን ወደ ሸክላው ጀርባ። ሶፍት ሴል ትልቁን ኪሳራ ያመጡት እዚያ ነው። ፊቱ የኮብ ዘፈን ሆኖ ሳለ ጀርባው ላይ «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ»ን፣ የአሜሪካ ሴቶች ቡድን የሱፕሪምስን ዘፈን አስቀመጡ። ነጠላ ዜማው በቢልቦርድ መቶ (በአሜሪካ የዘፈኖች የደረጃ ሰንጠረዥ) ውስጥ 43 ሳምንት ቆየ፣ ከደራሲነት ክፍያው ግን ለሁለቱ ልጆች አምስት ሳንቲም አልደረሳቸውም። ጀርባው ላይ የራሳቸውን ዘፈን ቢያደርጉ ኖሮ ከእያንዳንዱ ሸክላ የደራሲ ድርሻ ይቆረጥላቸው ነበር። አንተም አንዱን ከቨር በአራት ሪሚክስ አባዝተህ አትልቀቅ፣ አንድ የራስህን ዘፈን ጨምርበት። ወደ 9 ደቂቃ የሚጠጋውን ረጅሙን ቅጂ ልከተል ካልክ ደግሞ ሁለቱ ዘፈኖች እዚያ ተያይዘው ስላሉ ሁለት ፈቃድ፣ ሁለት ክፍያ ነው።

ከሌሎቹ ከቨሮች የማሪሊን ማንሰንን የ2001 ሮክ እለፈው፣ ጩኸት ብቻ ነው። የሪሃናን «ኤስ ኦ ኤስ» ስማ፤ በ2006 ግጥሙም ዜማውም አዲስ ሆኖ ሳለ ሙዚቃው ከዚህ ስለተወሰደ የኮብ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ተጽፏል። ለአማርኛ የሚቀርበው ግን ኮይል የተባለው የእንግሊዝ ባንድ የ1985ቱ ነው። እንደ ልቅሶ አዘግይተውታል፣ ገቢውንም ለኤድስ መርጃ ሰጥተዋል። በዚያ እርጋታ «እፈልጋለሁ»ም ቢሆን እስከ መጨረሻው ይዘፈናል።

ዘፈኑን ስትሪሚንግ ላይ ስትጭነው «ከቨር» የሚለውን ምረጥ፣ በደራሲው ቦታ ላይ የኮብን ስም ጻፍ። «ኦሪጅናል» ብለህ ከሞላህ ያወርዱልሃል።