ፓምፑ "ቁም" ሲባል ለምን ይዘገያል?

ከአዳማ ወደ ወንጂ መውጫ የአትክልት እርሻ ያለው አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። አምስት ፓምፖች አሉት፣ ሁሉም በፒኤልሲ (ፓምፑን በፕሮግራም በሚያዝ ትንሽ ኮምፒውተር) የሚሠሩ። ከቢሮ ጋር የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናል እየቀያየረ በሚሠራ ሬዲዮ ነው። ዳታው በብዛት እንዲገባለት ብሎ የፓኬቱን (ሬዲዮው በአንዴ የሚልከውን የዳታ ጥቅል) መጠን እስከ ጥግ ከፍ አደረገው። አሁን ዳታው በሽ ነው፤ ግን "ቁም" ብሎ ሲያዝ ፓምፑ የሚቆመው ከሦስት አራት ሰከንድ በኋላ ነው።

ወንድሜ፣ ሬዲዮህ ደህና ነው። ብዙ ዳታ ማሳለፍ ሌላ፣ አንዲት ትእዛዝ ቶሎ ማድረስ ሌላ። ይህ ሬዲዮ አንድ ቻናል ላይ ጥቂት ይቆይና ወደ ሌላው ይዘላል፤ በዘለለ ቁጥር ለመስተካከል ትንሽ ጊዜ ይበላል፣ ስለዚህ ረጅም ቆይቶ ትልልቅ ፓኬት ከላከ ብዙ ዳታ ያሳልፋል። ያንተ "ቁም" ግን ያ ሁሉ እስኪያልፍ ተራ ይጠብቃል። ፓኬቱ መሃል ላይ የጎረቤት ዋይፋይ ከረበሸው ደግሞ ሙሉው እንደ አዲስ ይላካል።

እኔ ብሆን ከሬዲዮው በፊት የምነካው ቢሮው ለፒኤልሲዎቹ የሚልከውን ጥያቄ ነው። ሞድባስ፣ ማለትም ቢሮውና ፒኤልሲው የሚነጋገሩበት ቋንቋ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 125 ሬጅስተር (አንድ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ) ያነባል፣ መልሱም 255 ባይት ይሆናል። ሬዲዮውን ከፒኤልሲው የሚያገናኘው ገመድ ፍጥነት በሰከንድ 9600 ቢት ከሆነ ይህ ብቻውን 266 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በአምስት ፓምፕ አባዛው። 10 ሬጅስተር ብቻ ብትጠይቅስ? 25 ባይት፣ 26 ሚሊ ሰከንድ። ግፊቱን፣ የሞተሩን አምፔርና በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን ቶሎ ቶሎ ጠይቅ። የቀኑ ድምር በየአሥር ደቂቃው ቢመጣ ምንም አይቀርብህም።

ከዚያ የፓኬቱን መጠን አውርድ፣ ግን አታብዛው። አንድ የሞድባስ መልእክት ለሁለት ተቆርጦ መሃሉ ላይ ክፍተት ከገባ ፒኤልሲው አይቀበለውም። ሬዲዮው ልኬያለሁ ይልሃል፣ አንተ መልስ አታገኝም፣ ሰውም ፒኤልሲው ተቃጠለ ብሎ ያስለውጥሃል። ረጅሙ መልእክትህ ሳይቆረጥ የሚገባበት መጠን በቂ ነው። ታይምአውቱንም (መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ) በጣም አታሳጥረው፤ መልሱ መንገድ ላይ እያለ ቢሮው ደግሞ ከጠየቀ ይደበላለቃል።

ማስተሩ (ቢሮ ያለው ዋናው ሬዲዮ) እያንዳንዱን መልእክት ስንት ጊዜ እንዲደግም ተሞልቶ እንደሆነም እይ። ሦስት ከሆነ ከመጀመሪያው ጋር አራት ጊዜ ይላካል፣ አየሩን አራት እጥፍ እየያዝክ ነው። ግን ሲግናልህን ሳታይ እንዳትቀንሰው። የአዳማ ነፋስ የአንቴና ማሰሪያ አላልቶ አቅጣጫውን ያዞራል፣ ዝናብ የጠጣ የማንጎ ቅጠልም 2.4ን ክፉኛ ያዳክማል። መሃል ላይ ሪፒተር (ሲግናሉን ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ) ካለህ ደግሞ የማሳለፍ አቅምህ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ ቁጠረው።

አንድ ነገር አደራ። ውሃ ሲያልቅ ወይም ግፊት ከልክ ሲያልፍ ፓምፑን ማቆም የሬዲዮ ሥራ አይደለም። የግፊት ስዊቹንና የውሃ መጠን መቆጣጠሪያውን እዚያው ፓምፑ ቦርድ ላይ አስገባው፣ ቢሮው ባይሰማም ራሱ ይቁም። ዛሬውኑ አድርገው፣ የሬዲዮው ሴቲንግ ነገ ይደርሳል።