ግማሽ ጥላ ላለው መደብ ምን እንትከል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ የጓሮ ጥያቄ ይበዛል። የሰሞኑ አብዛኛው ስለ መዓዛ ተክል ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል። የተወሰኑትን እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ከግድግዳው ሥር በድንጋይ ከፍ አድርጌ መደብ ሠራሁ። ፀሐይ የሚያገኘው ከጠዋት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ብቻ ነው። ስወጣ ስገባ እንዲያውደኝ ምን ልትከል?»

እህቴ፣ የጠዋት ፀሐይ ካለሽ ብዙ ነገር አለሽ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የጤና አዳም፣ የበሶብላና የመሳሰሉት ሽታ የሚመጣው ቅጠላቸው ውስጥ ካለው ዘይት ነው። ዘይቱ በደንብ የሚጠራቀመው ፀሐይ ሲያገኙ ነው። ጥላ ከበዛባቸው ይመዘዛሉ፣ ቅጠላቸው ይሳሳል፣ ሽታቸውም ይደክማል። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ቀን ሙሉ መደቡን ተመልከቺው። የትኛው ጫፍ ቶሎ ይጠላል? የትኛው ይዘገያል? ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለአንቺ የመጀመሪያ ምርጫዬ ዳማ ከሴ ነው። በተፈጥሮው የጫካ ዳር ተክል ስለሆነ ግማሽ ጥላ አይከብደውም። ከሰው ቁመት በላይ ሊያድግ ስለሚችል ወደ ግድግዳው አስጠግተሽ ትከዪው፤ ጫፍ ጫፉን እየቀነጠብሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው። በተቀነጠበ ቁጥር ይበልጥ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ያውዳል። ምች የያዘው ሰው በሰፈሩ ሲኖር ደግሞ ለጎረቤትም ይተርፋል። ጤና አዳምን ፀሐይ ረጅም ጊዜ የምትቆይበት ጫፍ ላይ አድርጊው። ከመንገዱ ዳር፣ ቀሚስሽ የሚነካው ቦታ፣ ናና ይሁን፤ ቅጠሉ ሲነካካ ነው የሚሸተው።

ግድግዳው ላይ ጠንበለል ብታስወጪበት ደግሞ ደስ ይለኛል። የደጋ ጫካችን ሐረግ ነው፤ ነጭ አበባው ሲፈካ ግቢውን ያውዳል። በሽቦ ወይም በገመድ ደግፊው። ለብቻው ሥሩን የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልጋል፤ ከመደቡ ጥግ እንጂ መሃል አይተከል።

አሪቲና ጠጅ ሳር እንደምትመኚ አውቃለሁ። ያለ እነሱ በዓል በዓል አይሸትም። ግን ሁለቱም ፀሐይ ፈላጊ ናቸው፤ ጠጅ ሳር በተለይ ሙቀትም ይፈልጋል። ለእነሱ ከግቢሽ ሌላ ገላጣ ቦታ ፈልጊላቸው። ጥላ ውስጥ አታሠቃዪያቸው።

ከባሕር ዳር፦ «ማንጎ ዛፍ ሥር መደብ ሠርቼ የጥብስ ቅጠል ተከልኩ። በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ግን ከሥሩ እየጠቆረ ይደርቃል።»

ወንድሜ፣ ውኃው ነው የሚገድለው፤ ጥላውም ያግዘዋል። የጥብስ ቅጠል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ተክል ነው። ድርቀትና ሙሉ ፀሐይ ለምዷል። ገና አረንጓዴ ከሆነው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጥ፤ የታችኛውን ቅጠል አራግፈህ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሰካው፣ ሥር ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አውጣው። ለማንጎው ሥር ኮሮሪማና ዝንጅብል ይሻልሃል። ሁለቱም ሙቀት፣ እርጥበትና ቀለል ያለ ጥላ ይወዳሉ፤ የዝንጅብል ቅጠል ሲታሽ መዓዛው ግሩም ነው። አደራ፣ የመደቡ አፈር ግንዱን እንዳይነካ። ግንዱ በአፈር ከተቀበረ ልጡ ይበሰብሳል።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ናናው መደቡን ሁሉ ወረሰው!»

ናና ሥሩን ከአፈር በታች እያስኬደ ነው የሚስፋፋው። ነቅለው ሲጨርሱ፣ ጥቂቱን ታቹ የተበሳ ባልዲ ውስጥ ይትከሉና ባልዲውን ከነናናው መደቡ ውስጥ ይቅበሩት። ከንፈሩ ሦስት ጣት ያህል ከአፈሩ በላይ ይቅር።

ከእንጅባራ፦ «መደቡን በምን ልከልል? አፈሩስ?»

ቀርከሃ በሞላበት አገር ቀርከሃ ቢመረጥ አይገርምም፤ ያምራልም። ግን እርጥብ አፈር እየነካው ጥቂት ዓመት እንጂ አይቆይም። ድንጋይ ካገኘህ ድንጋይ ይሁን። ከፍታው ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለአብዛኛው መዓዛ ተክል ይበቃል፤ የክረምቱም ውኃ አይተኛበትም።

የአካባቢህ አፈር አሲዳማ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅል። ጥቂት እፍኝ የእንጨት አመድ ብትበትንበት አሲዱን ያለዝበዋል፤ ማብዛት ግን አያስፈልግም። ፍግም እንዲሁ። ፍግ የበዛበት ተክል ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሽታው ግን ይቀንሳል። ባሕር ዛፍ አጠገብ ደግሞ መደብ አትሥራ። ሥሩ ከታች እየገባ ውኃውንም ብስባሹንም ይጠጣብሃል። በበጋ ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ስለሚደርቅ ገለባ አልብሰው።

ከቢቸና፦ «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ትንንሽ ልጆችም አሉን። ጤና አዳም ብንተክል ጉዳት አለው?»

መትከሉ አይጎዳም፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን እንድትጠነቀቁ እለምናለሁ። ጤና አዳም ማህፀንን የማነቃቃት ባሕርይ አለው። እስክትወልድ ድረስ ቡናዋ ላይ ባይጨመር፣ ተፈልቶም ባይጠጣ ይሻላል። ሌላው ጭማቂው ነው። ቆዳ ነክቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውኃ ያቋጥራል። ልጆቹ እየቀጠፉ የሚጫወቱበት ቦታ አትትከሉት። ስትቆርጡት ወደ ማታ ይሁን፣ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለልጆቹ ደጃፍ ናና ትከሉላቸው፤ እንደ ልባቸው ቢቀጥፉት ምንም አይላቸውም።