ከአሮጌ ሳጥን የወጡ አራት ዕቃዎች

ጥያቄ፦ ከአባቴ የተረፈኝን የሬዲዮ ጥገና ሳጥን ስከፍት ምንነታቸውን ያላወቅኳቸው አራት ዕቃዎች አገኘሁ። አንደኛው መላ አካሉ ቢጫ የተቀባ፣ አንድ ጫፉ ሐምራዊ፣ መሐሉ ላይ ብርቱካናማ ነጥብ ያለበት ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) መሳይ ነው፤ ቀለሞቹን ከጫፍ ጀምሬ ሳነባቸው 74 ኪሎ ኦም ይሆንብኛል፣ መልቲሜትሩ ግን 58 ይላል። ሁለተኛው ኤስኤን7400ኤን የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ 7432 የተጻፈበት ባለ 14 እግር አይሲ (ብዙ ጥቃቅን ክፍሎችን በአንድ ቁራጭ የያዘ ዕቃ) ነው። ሦስተኛው ከአንድ የጃፓን ሬዲዮ የተነቀለና ቢ75 ብቻ የሚል ባለ ሦስት እግር የብረት ቆብ ሲሆን፣ አራተኛው በአንድ ዘንግ ላይ የተደረደሩ የብረት ሳህኖች ናቸው። እንዴት ልለያቸው?

መልስ፦ ሬዚስተሩ ያደናገረዎት በሁለት በኩል ነው። የቀለም ቀለበት ከመለመዱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በተሠሩ ብዙ ሬዲዮዎች ውስጥ ንባቡ ከጫፍ ሳይሆን ከአካሉ ይጀምር ነበር፤ የአካሉ ቀለም የመጀመሪያው ቁጥር፣ የጫፉ ሁለተኛው፣ ነጥቡ ደግሞ የዜሮዎቹ ብዛት ነው። ስለዚህ ቢጫ 4፣ ሐምራዊ 7፣ ብርቱካናማ 3 ዜሮዎች ተብሎ 47,000 ኦም ይሆናል። መልቲሜትርዎም አልዋሸም፤ የዚያ ዘመን የካርቦን ሬዚስተሮች ዕድሜና እርጥበት ሲጫናቸው መጠናቸው ወደ ላይ ስለሚሸሽ፣ 47 የነበረው 58 ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። ዕቃው ታውቋል፣ ለሥራ ግን አይመከርም።

አይሲው ላይ ጥቂት እንቆይ። ከላይ ያለው ስሙ ነው፤ ከሥሩ ያለው 7432 ግን የተመረተበት ጊዜ፣ ማለትም የ1974 እ.ኤ.አ. 32ኛ ሳምንት መሆኑን አልጠራጠርም። ችግሩ 7432 የሚባል አይሲም በእርግጥ መኖሩ ነው፤ እኔም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለውን ቀን ስም መስሎኝ ግማሽ ቀን አባክኛለሁ። የአምራቹ ፊደላት፣ እዚህ ኤስኤን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣበቁት ከስሙ ጋር እንጂ ከቀኑ ጋር አይደለም። አይሲው ቦርድ ላይ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቶቹን ማየትም ይበቃ ነበር፤ እነሱም 7418፣ 7429 የመሳሰሉ ተቀራራቢ ቁጥሮች ከያዙና መጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 52ን ካላለፉ ቁጥሮቹ ቀናት ናቸው።

ማረጋገጥ ከፈለጉ የ7400 እና የ7432 እግሮች አደራደር አንድ ዓይነት መሆኑ ይጠቅምዎታል። ጎድጓዳውን ምልክት ወደ ላይ አድርገው ሲይዙት ከላይ በስተግራ ያለው እግር 1 ነው፤ ከእሱ ወደ ታች ሲቆጥሩ 7ኛውን፣ ከ1ኛው ፊት ለፊት ከላይ በስተቀኝ ደግሞ 14ኛውን ያገኛሉ። ለ14ኛው 5 ቮልት ሰጥተው 7ኛውን ከኔጌቲቭ ጋር ካገናኙ በኋላ፣ 1ኛውንና 2ኛውንም ከዚያው ኔጌቲቭ ጋር አገናኝተው 3ኛውን ይለኩ። ከ2.4 ቮልት በላይ ካሳየ 7400 ነው፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ 7432 ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ ማለት ነው።

ቢ75 ትራንዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያጎላ ዕቃ ነው። ጃፓኖች በትንሽ ቆብ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ከፊት ያለውን 2ኤስ ይተዉት ስለነበር ሙሉ ስሙ 2ኤስቢ75 ይሆናል፤ ቢ የሚለው ምድብም ለዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚያገለግሉ የፒኤንፒ (ከሁለቱ ዋና የትራንዚስተር ዓይነቶች አንዱ) ትራንዚስተሮች ነው። የመልቲሜትሩን ቀይ ሽቦ ኤሚተሩ፣ ጥቁሩን ቤዙ (ሁለቱም የትራንዚስተሩ እግሮች ናቸው) ላይ አድርገው በዳዮድ መለኪያው ሲያዩት ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ካነበበ ከጀርማኒየም የተሠራ ነው፤ ሲሊከን ቢሆን ከ0.6 እስከ 0.7 ያሳይ ነበር።

የብረት ሳህኖቹ ኤሲን (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን) ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) የሚለውጥ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር ናቸው። ይህ ዕቃ ሲያረጅ ውስጣዊ መቋቋሙ ይጨምራል፣ ይግላል፣ ሲቃጠልም ክፉ ሽታ ያለው መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ ስለዚህ በሥዕልና በቅርጹ ከለዩት ይበቃል፣ ለሙከራም ቢሆን ኤሌክትሪክ አይስጡት።