መልስ፦ ፎቶና መግለጫው እንዳይለያዩ

ሰላም እህቴ። ስለ ጮቄ ተራራ በምትጽፊው የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መስመር በጨመርሽ ቁጥር ፎቶዎቹ ወደ ሌላ ገጽ እየሄዱ፣ መግለጫቸው ብቻውን ይቀራል ብለሻል። ችግሩ ፎቶው ተንሳፋፊ ሆኖ፣ ማለትም ከጽሑፉ መስመር ውጭ መቀመጡ ነው።

ዎርድ ላይ ፎቶውን ስትጫኚው ከጎኑ ሌይአውት ኦፕሽንስ ይመጣል። «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» የሚለውን ምረጪ። ያኔ ፎቶው እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ይቆጠራል፤ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለብቻው መስመር ስጪው። ጽሑፍ በፎቶ ዙሪያ ሲዞር ለመጽሔት ያምራል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አልመክርሽም።

መግለጫውን በእጅሽ አትጻፊ። ፎቶውን በቀኝ ክሊክ ነክተሽ «ኢንሰርት ካፕሽን» በይ። «ኒው ሌብል» ውስጥ ገብተሽ «ሥዕል» የሚል መለያ መፍጠርም ትችያለሽ። ፎቶው ተንሳፋፊ ሳለ ካደረግሽው ግን መግለጫው ቴክስት ቦክስ ውስጥ ይገባና እሱም መንሳፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ።

አሁን ዋናው ነገር። ፎቶው ያለበት መስመር ላይ ሆነሽ ፓራግራፍን ክፈቺ። «ላይን ኤንድ ፔጅ ብሬክስ» ውስጥ «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» ላይ ምልክት አድርጊ። በቃ፣ ከዚህ በኋላ አይለያዩም።

ፎቶው ተቆርጦ ቀጭን ክር ብቻ ከታየሽ አትደንግጪ። የመስመር ክፍተቱ «ኤግዛክትሊ» ላይ ስለሆነ ነው፤ «ሲንግል» አድርጊው።

ጽሑፉ ውስጥም «ከታች ባለው ፎቶ» አትበይ። በክሮስ ሪፈረንስ፣ ማለትም የመግለጫውን ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ በሚያስገባው የዎርድ መሣሪያ፣ «ሥዕል 3» ብለሽ ጥሪው። ፎቶ ስትጨምሪ ኮንትሮል ኤ፣ ከዚያ ኤፍ 9 ተጫኚ፤ ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ።

ደብረ ማርቆስ ወርደሽ ከማሳተምሽ በፊት ፒዲኤፍ አድርጊው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የተጠቀምሽበት ፎንት ከሌለ ገጹ ሁሉ ይዛባል።