ጾመ ነቢያት ሳይገባ ጎማችሁን ቀይሩ

በአገራችን ክረምት በመስከረም ይወጣል። እዚህ ካልጋሪ ግን ለደመራ በምንዘጋጅበት ሰሞን የመጀመሪያው በረዶ ሊጥል ይችላል። ይህን የምጽፈው በቅርቡ ወደ ካናዳ ለመጣችሁና የመጀመሪያ የቤተሰብ መኪናችሁን ለገዛችሁ ወገኖቼ ነው። እኔ አሥራ ስድስት ክረምት እዚህ ነድቻለሁ፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሻለሁ፣ ሌሊት ቅዳሴ ሄጃለሁ፣ ተራሮቹን አቋርጬ እስከ ቫንኩቨር ደርሻለሁ። መኪናውን ለመምረጥ ስድስት ወር ያጠና ሰው ጎማውን በአንድ ቀን ጥድፊያ፣ ያውም በረዶው ከጣለ በኋላ ሲገዛ ባየሁ ቁጥር እጨነቃለሁ።

የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። በመጣን በሁለተኛው ዓመት፣ በገና ሌሊት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ልጆቹ ነጠላቸውን እንደለበሱ ከኋላ ተኝተዋል። መኪናችን ፎር ዊል ድራይቭ ስለሆነ ከገዛሁት ጀምሮ አብሮት የመጣውን ጎማ አልቀየርኩም። ከአንድ ቁልቁለት ወርጄ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ መኪናው ግን መንሸራተቱን አላቆመም። መብራቱን አልፈን መስቀለኛ መንገዱ መሐል ደረስን። በዚያ ሰዓት ከጎን የሚመጣ መኪና አልነበረም። ባለቤቴ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ የትንሹን ልጃችንን ጉልበት እንደያዘች ቤት ድረስ ቃል ሳንለዋወጥ ሄድን።

ያን ዕለት ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ፎር ዊል ድራይቭ የሞተሩን ጉልበት ለአራቱም ጎማ ያካፍላል፤ ስለዚህ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ወይም ዳገት ሲወጣ ይረዳል። ለመቆም ግን ርካሹም ውዱም መኪና ያለው አራት ፍሬን ነው። ፍሬኑ ጎማውን ይይዘዋል፤ መንገዱን መያዝ ያለበት ጎማው ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካው በአንድ መዳፍ ያህል ስፋት ብቻ ነው። ቤተሰባችሁን በሙሉ በመንገዱ ላይ የያዙት እነዚያ አራት መዳፎች ናቸው። እንዲያውም ፎር ዊል ድራይቭ ሲነሳ የማያስቸግር በመሆኑ መንገዱ ደህና የሆነ ያስመስላል፤ ሰው የሚፈጥነውም ለዚህ ነው።

ኦል ሲዝን የሚባለው ጎማ ስሙ ለዓመቱ ወቅቶች ሁሉ የተሠራ ያስመስለዋል። ላስቲኩ ግን ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል። ጧፍን አስቡ፤ በእጅ ሲሞቅ እንደልብ ይታጠፋል፣ ብርድ ላይ ካደረ ግን ቀጭ ብሎ ይሰበራል። የክረምት ጎማ ላስቲኩ በብርድ ሳይደርቅ ልስላሴውን እንዲይዝ ተደርጎ የተቀመመ ነው። ጥርሶቹ ላይም በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ በረዶውን የሚነክሱት እነዚያ ናቸው። ስለዚህ አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ ቅዝቃዜው ብቻ የበረታ ቀን እንኳ ይጠቅማል።

ስትገዙ የጎማውን ጎን ተመልከቱ። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ተስሎ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካለ ጎማው በበረዶ ላይ ተፈትኖ አልፏል ማለት ነው። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም፤ ተራ ኦል ሲዝን ጎማዎችም ይይዙታል፣ በፈተና የተገኘም አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ የምትኖሩበትን ከተማ ጠባይ እዩ። ካልጋሪ ላይ ትልቁ ጠላታችን የተከመረው በረዶ አይመስለኝም። ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሙቀቱን ከነበረበት በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊያንረው ይችላል። በረዶው ቀልጦ መንገድ ለመንገድ ይፈሳል፤ ሌሊት ተመልሶ ይረጋል፤ ጠዋት ልጅ ይዛችሁ ስትወጡ አስፋልቱ መስተዋት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው በረጋ በረዶ ላይ ፍሬን በመያዝ የሚታወቁትን ነው፦ ብሪጅስቶን ብሊዛክ፣ ሚሽሊን ኤክስ አይስ፣ የፊንላንዱ ኖኪያን ሃካፔሊታ። ፊንላንዶች የክረምት ጎማ መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ብርዱን ስለሚያውቁት ሥራቸውን አምናለሁ። ሚስማር የተተከለበት ጎማ በአልበርታ ይፈቀዳል፤ ከከተማ ውጭ በገጠር መንገድ በየቀኑ ለሚመላለስ ጥሩ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ስለሚጮህ ለከተማ ነዋሪ ሚስማር የሌለውን እመክራለሁ።

ገንዘብ ካጠረ ስሙ ብዙ ያልታወቀውን፣ ግን የተራራው ምልክት ያለበትን አዲስ ጎማ ግዙ። በብርድ ቀን ከውድ ኦል ሲዝን ጎማ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሁለት ብቻ አትግዙ። አዲሱን ከፊት አስገጥሞ አሮጌውን ከኋላ የተወ ሰው ፍሬን ሲይዝ ወይም ሲታጠፍ ፊቱ ይይዝና ኋላው ይሸሻል፤ መኪናው ይሽከረከራል። በፎር ዊል ድራይቭ ላይ ደግሞ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች ጉልበት የሚያካፍለውን ክፍል ይጎዳሉ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የእ.ኤ.አ. 2019 እስከ 2025 ሞዴል ቶዮታ ራቭ ፎርን እንውሰድ፤ ግቢያችን በእሱ የተሞላ ነው። የነጂውን በር ስትከፍቱ በምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታያላችሁ። 225/65 አር 17 ካለ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቀጥሎ 102 የሚል ካለ አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የምትገዙት ጎማ የመሸከም ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ካለው እንዳያንስ። ዋጋው ረክሶ ቁጥሩ ያነሰ ጎማ ሲያቀርቡላችሁ እሺ አትበሉ፤ በበዓል ቀን አምስት ሰው፣ ድስቱና ሻንጣው ሁሉ የሚጫነው በዚያ ላይ ነው።

መኪናችሁ ባለ 19 ኢንች ቸርኬ ከሆነ ለክረምት ወደ 18 ወይም 17 ውረዱ። ቸርኬው ሲያንስ የጎማው ጎን ይረዝማል፤ በረዶ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ድንጋጤውን የሚውጠው እሱ ነው። ጠበብ ያለ ጎማ በረዶውን ሰንጥቆ ወደ አስፋልቱ ይወርዳል፤ ሰፊው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ዋጋውም ይቀንሳል። ነገር ግን አነስተኛው ቸርኬ ፍሬኑን እንዳይነካ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለምሳሌ በሶኬት የሚሞላው ራቭ ፎር ፕራይም ከፋብሪካ የሚወጣው በ18 ወይም በ19 ኢንች ነውና 17 ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ። የጎማው ጠቅላላ ቁመትም ከነበረው ብዙ እንዳይርቅ፤ ከራቀ የፍጥነት ቆጣሪው ይዛባል።

ለክረምቱ ጎማ የራሱ ቸርኬ ግዙለት። በአንድ ቸርኬ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ጎማ ማውለቅና ማስገባት የጎማውን ከንፈር ይጎዳል፤ በየጊዜው ለጎሚስታ የምትከፍሉትም ተደምሮ በጥቂት ዓመታት የቸርኬውን ዋጋ ያክላል። የብረት ቸርኬ ይበቃል። ውበት የለውም፣ በጨውም ይዝጋል፤ ነገር ግን ጉድጓድ ሲመታው ከመሰንጠቅ ይልቅ ይጣመማል፣ መተኪያውም ርካሽ ነው። ያገለገለ ቸርኬ ካልተሰነጠቀና ካልተጣመመ ልትገዙ ትችላላችሁ። በዚያው ራቭ ፎር ላይ የዳዶዎቹ አቀማመጥ 5 በ114.3 ነው፤ አምስት ቀዳዳ በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። የመካከሉ ቀዳዳ 60.1 ሚሊሜትር ነው። ከሌላ መኪና የመጣ ቸርኬ የመካከል ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል፤ አለዚያ በፍጥነት ስትሄዱ መሪው ይንቀጠቀጣል። የዳዶውን አፍም አስተውሉ፤ አንዳንዱ የፋብሪካ አልሙኒየም ቸርኬ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ዳዶ ይፈልጋል፣ የብረቱ ግን ሾጣጣ። የማይገጥም ዳዶ የጠበቀ መስሎ መንገድ ላይ ይላላል።

ያገለገለ ጎማ ላይ ግን ጥንቃቄዬ ከባድ ነው፤ ከሠራሁት ስህተት የተማርኩት ነውና። ከዚያ የገና ሌሊት በኋላ ቸኩዬ ከአንድ ሰው ጋራዥ አራት የክረምት ጎማ ገዛሁ። ጥርሱ ጥልቅ ነበር፣ ዋጋውም አስደሰተኝ። ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ አላወቅሁም። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 3523 ማለት በ2023 በ35ኛው ሳምንት ነው። የኔዎቹ የአሥር ዓመት ዕድሜ ነበራቸው። በጥፍሬ ስጫናቸው እንደ ቀንድ ደረቁ። ጥርስ ቢኖራቸውም ልስላሴያቸው አልቋል፤ በመጀመሪያው ብርድ ከበፊቱ ጎማ የተሻሉ አልነበሩም። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነውን አትንኩ፤ ጥርሱም ከ5 ሚሊሜትር ካነሰ ገንዘባችሁን ያዙ። ብዙ ቦታ ሕግ የሚጠይቀው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በረዶ ላይ ግን ጎማው ከዚያ ብዙ አስቀድሞ ይደክማል።

በአልበርታ የክረምት ጎማ በአብዛኛው መንገድ ላይ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ይመስለኛል። ወደ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ስትሻገሩ ግን በአብዛኛው የተራራ መንገድ ላይ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ጥርሱም ቢያንስ 3.5 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ኩቤክ ያላችሁ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ያለ ክረምት ጎማ መንዳት አይፈቀድላችሁም። ኦንታሪዮ ያላችሁ ለኢንሹራንስ ድርጅታችሁ ደውሉ፤ ከ2016 ጀምሮ የክረምት ጎማ ለሚያስገጥም ሰው ቅናሽ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከኦክቶበር 2024 ወዲህ በበረዷማ መንገድ እንደ ክረምት ጎማ የሚቆጠረው የተራራው ምልክት ያለበት ጎማ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ሁለት ዓይነት ጎማ መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ኦል ዌዘር የሚባለው፣ የተራራው ምልክት ያለበትና ዓመቱን ሙሉ የማይወልቀው ጎማ ለጥቂት የበረዶ ቀናት ይበቃል። ለካልጋሪ፣ ለኤድመንተን፣ ለዊኒፔግና ለሚኒያፖሊስ ግን አልመክረውም።

ጎማውን በመስከረም እዘዙ፤ ምርጫው ሰፊ የሚሆነው ያኔ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ አስገጥሙ። ሕዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ አሁንም በበጋው ጎማ የሚነዳ ወገን ካለ ነገ ሳይል ዛሬ ይሂድ። የመጀመሪያው ትልቅ በረዶ ከጣለ በኋላ ጎሚስታዎቹ ጋ ሳምንታት ትጠብቃላችሁ፤ ለመኪናችሁ የሚሆነው የጎማ ቁጥርም ያልቃል።

ከተገጠመ በኋላ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ዳዶዎቹን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ እንደገና አጥብቁ፤ ለራቭ ፎሩ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የጎማውን አየር በየወሩ ለኩ። ቅዝቃዜው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አንድ ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። 15 ዲግሪ ሙቀት ባለው ጋራዥ ውስጥ 33 የሞላችሁት ጎማ ውጭ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሲያድር ወደ 26 ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት፣ መኪናው ሳይሞቅ፣ ውጭ ለኩ፤ ልኩም በበሩ ምሰሶ ላይ የተጻፈው ነው።

በሚያዝያ መጨረሻ፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በላይ ሲረጋ፣ አውልቋቸው። በሞቃት አስፋልት ላይ ለስላሳው ላስቲክ ቶሎ ያልቃል። ጨውና ጭቃውን አጥባችሁ፣ በቸርኬያቸው ላይ እንዳሉ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ፣ ፀሐይ በማይነካው ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ከማስቀመጣችሁ በፊት ግን በየጎማው ጎን በጠመኔ «ፊት ግራ»፣ «ፊት ቀኝ»፣ «ኋላ ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» ብላችሁ ጻፉበት። በሚቀጥለው መስከረም የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ስታዛውሩ እኩል ያልቁላችኋል።