«ክልላዊ ሕክምና» ባሕር ዳር ነው?

ጥያቄ፦ አጎቴ ውስጥ እግራቸው ላይ ጥቁር ቁስል ወጥቶ «ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር ነው» ተባሉ። አሁን እስከ ባታቸው ድረስ ትናንሽ እብጠቶች ወጥተዋል። ስለ ሕክምናው የተተረጎመ ጽሑፍ አግኝቼ ሳነብላቸው «በክንዶችና በእግሮች ላይ ለሚገኝ የላቀ የቆዳ ካንሰር የሚሰጥ ክልላዊ ሕክምና» ይላል። እሳቸውም «ክልላዊ ከሆነማ ባሕር ዳር ነዋ!» አሉ። አማርኛው ልክ ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እግዜር ይማራቸው። አጎትዎ የሰሙት ልክ ነው፤ ያጠፋው ጽሑፉ ነው።

«ከለለ» ማለት ጋረደ፣ ዙሪያውን አጠረ ማለት ነው። በግዕዝም መክበብን ያመለክታል። ራስን የሚከበው «አክሊል» ራሱ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ግን «ክልል» የአስተዳደር ስም ሆኖ ጸና። ዛሬ ጎጃም ውስጥ «ክልሉ ወሰነ» ቢባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ባሕር ዳርን ነው። ስለዚህ «ክልላዊ ሕክምና» ያለ ሰው የክልሉን ሆስፒታል ጠቆመ ማለት ነው።

ሕክምናው የሚሠራው ግን በእርግጥም ከልሎ ነው። ሐኪሞቹ የታመመውን እግር ከላይ በኩል ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ደሙ ከቀረው ሰውነት ጋር እንዳይቀላቀል ይለዩታል። ከዚያ በደም ሥር በገባ ቱቦ ሜልፋላን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት ሞቅ አድርገው እዚያው እግር ውስጥ ያዞሩታል። መላ ሰውነት ሊሸከመው የማይችለው መጠን ለእግሩ ብቻ ይደርሰዋል። ሲያበቃ ያጥቡታል፤ እስሩን ይፈታሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ክሪችና ክሬመንትዝ የተባሉ ሐኪሞች የጀመሩት ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ ቶምሰን የተባለ ሐኪም ቀለል ያለውን መንገድ አመጣ። ይህን ሳስብ ለቃሉ አዝናለሁ፤ በሥሩ ምን ያህል ይገጥም ነበር! ግን ለታመመ ሰው የሚጻፍ ነገር በሥሩ አይመዘንም። ሰሚው ጆሮ ላይ ምን ሆኖ ይደርሳል? ወሳኙ እሱ ነው። እኔ «የታመመውን እግር ብቻ ለይቶ ማከም» እላለሁ። ይረዝማል፤ ይርዘም።

«የላቀ» የባሰ ስሕተት ነው። የላቀ ተማሪ፣ የላቀ ውጤት እንላለን፤ ምስጋና ነው። በሽታ አይልቅም፤ ይጠናል፣ ይዛመታል።

«ክንዶችና እግሮች»ም የአማርኛ ወግ አይደለም። በእኛ አፍ እጅ ከትከሻ እስከ ጣት ነው፣ እግርም ከጭን እስከ ተረከዝ። እናቴ ቢቸና ገበያ ወድቀው የተሰበረው ክንዳቸው ነበር፤ «እጄን ተሰበርሁ» ነው ያሉት። «እጅና እግር» ይበቃል።

ጽሑፉ «ካንሰር» ማለቱ ግን ደግ ነው። «ነቀርሳ» ቢል ኖሮ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ፣ ትዝ ይላቸው ነበር።

እንግዲህ ለአጎትዎ እንዲህ ብለው ያንብቡላቸው፦ «በእጅ ወይም በእግር ቆዳ ላይ ለተዛመተ ካንሰር፣ የታመመውን እጅ ወይም እግር ብቻ ለይቶ ማከም»። ሐኪማቸውንም «ካንሰሩ ከእግሬ አልፏል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱ ከታሰረው እግር ውጭ ያለውን አያገኘውምና።